ሁለቱ ያልተጫወቱት ውድድር

ፊርደውስ እንድሪስና ትህትና ቀለሙ የተዋወቁት ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ባለው የቴኒስ ሜዳ ላይ ነው። ፊርደውስ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናት። አባቷ እንድሪስ ሽመና ክፍል ይሠሩ ስለነበር ዘበኞቹ ያውቋታል፤ እንዳሻት ትገባለች፣ እንዳሻት ትወጣለች። ትህትና ግን የደሴ ልጅ ናት። ፒያሳ የጫማ ሱቅ ያላቸው አባቷ ቀለሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ለንግዳቸው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ያስከትሏትና ጉዳያቸውን እስኪጨርሱ ሜዳው ዳር ያስቀምጧት ነበር። አንድ ቅዳሜ አሰልጣኙ ኪዳኑ፣ "ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ ይቺን ያዢ" ብሎ ያረጀ ራኬት ሰጣት። ከመረቡ ማዶ የቆመችው ፊርደውስ ነበረች።

ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ አቧራው ካልሲ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሁለቱም እዚያ አፈር ላይ አደጉ። ለየብቻ ሲጫወቱ ያን ያህል አልነበሩም። ፊርደውስ ኃይለኛ ምት ነበራት እንጂ ትዕግሥት አልነበራትም፤ ትህትና ደግሞ ትዕግሥተኛ ነበረች እንጂ ጉልበት ያንሳታል። ከመረቡ በአንድ ወገን አብረው የቆሙ እንደሆነ ግን ማንም አይችላቸውም። ይህን ቀድሞ ያየው ኪዳኑ ነው። "እናንተን ለየብቻ ማሠልጠን ልፋት ነው" አለና ከዚያ ወዲህ በጥንድ ብቻ ያጫውታቸው ጀመር።

ትህትና ደሴ በነርስነት ተመረቀች። አባቷ ወዲያው ሥራ እንድትይዝ ይፈልጉ ነበር፤ እሷ ግን "አንድ ዓመት ብቻ ስጠኝ" ብላ ለምናቸው ከፊርደውስ ጋር አዲስ አበባ ገባች። አንድ ክለብ ተቀበላቸው። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ፤ ጠዋት አብረው ይሮጣሉ፣ ከሰዓት አብረው ይለማመዳሉ፣ ማታ እግራቸውን ጨው በገባበት ሙቅ ውኃ ነክረው ስለ ጨዋታ ያወራሉ። ፊርደውስ በኋላ ስታስበው፣ በሕይወቷ አንድም ነገር ያልጎደለባት ያን ጊዜ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሴቶች የፕሮፌሽናል ቴኒስ ውድድር እንደሚካሄድ ተነገረ። ከብዙ አገር ተጫዋቾች ይመጣሉ፤ ያሸነፈ የዓለም ደረጃ ነጥብ ያገኛል። ለአዘጋጇ አገር ከተሰጡት የጥንድ ቦታዎች አንዱ ለፊርደውስና ለትህትና ደረሰ። ውድድሩ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ኪዳኑ ይህን ሲሰማ ከኮምቦልቻ ደወለ።

"አፈር ላይ ኳሷ ትንሽ ቆም ትልላችኋለች፤ ሲሚንቶ ላይ ግን አትጠብቃችሁም። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ቀድማችሁ ድረሱ።"

ሌት ተቀን ተለማመዱ ማለት ይቻላል። ጫማቸው ሲሚንቶው ላይ እየጮኸ፣ ጉልበታቸው እያበጠ፣ ኳሷ ጋ ቀድሞ መድረሱን ቻሉበት። መጋቢት ሲገባ ግን ኮሮና አገር ውስጥ መግባቱ ተሰማ። ከቀናት በኋላ የክለቡ ኃላፊ ሁሉንም ሰብስቦ ነገራቸው።

"ውድድሩ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል። ክለቡም ይዘጋል። ወደየቤታችሁ ግቡ።"

በአንድ አውቶቡስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ወሎ ተመለሱ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፊርደውስ ወረደች፤ ትህትና ወደ ደሴ ልትቀጥል ነው። አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት በመስኮት ብቅ አለች።

"ቢበዛ አንድ ወር ነው። አብሽሪ!"

"ሰውነትሽ ከብዶ ቢመጣ ወላሂ አልለቅሽም!" አለቻት ፊርደውስ።

እየሳቁ ተለያዩ።

ብዙም ሳይቆይ ከከተማ ከተማ የሕዝብ ትራንስፖርት ታገደ። ደሴና ኮምቦልቻ እንኳ፣ ሰው ለሻይ የሚመላለስባቸው ከተሞች፣ ተራራቁ። የፋብሪካው ሜዳም ተቆለፈ። ፊርደውስ ከቤታቸው ጓሮ ባለው የብሎኬት ግድግዳ ላይ ኳስ ትመታ ጀመር። ኳሷ ሁልጊዜ ትመለስላታለች፤ ከጎኗ ግን የሚሮጥ እግር አይሰማትም። በጥንድ ጨዋታ ሰው አጣማሪውን ዞሮ አያይም፤ ትንፋሿን፣ ኮቴዋን፣ "የኔ!" የሚለውን ድምጿን ነው የሚያዳምጠው። ፊርደውስን የናፈቃት እሱ ነው። አንዳንዴ መምታቱን ትታ ራኬቱን ታቅፋ ወደ ሐረጎ ተራራ ታያለች። ደሴ ከተራራው ወዲያ ነው።

በየማታው ይደዋወሉ ነበር። ቆይቶ የትህትና ስልክ አጠረ፤ "ደክሞኛል፣ ነገ እናውራ" ማለት አበዛች። ፊርደውስ አልቻለችም። ጎረቤታቸው ሚስባህ ከደረቅ ወደቡ ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነት አልተከለከለምና ለምና ለምናው አንድ ጠዋት ወደ ደሴ አሳፍሯት ወጣ።

ትህትና የግቢውን በር ከፍታ ስታያት እጇን ዘርግታ ሮጠች። መንገድ ላይ ግን ቆም አለች። ፊርደውስም ባለችበት ቀረች። በመሐላቸው አንድ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ነበር። እንዲህ ተራርቀው ተነጋግረው አያውቁም።

"ቆይ፣ ከመንገድ ነው የመጣሽው፤ ውኃ ላምጣልሽ" ብላ ትህትና ወደ ቤት ዞረች። ወዲያው ተመለሰች። "ውይ! ረመዳን ነው ለካ። አፉ በይኝ።"

"አፉ ብያለሁ። ውኃ ፍለጋ አልመጣሁም። ምን ሆነሽ ነው የራቅሽኝ?"

ትህትና የበሩን ብረት በጣቷ ስትነካካ ቆየች።

"ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ልገባ ነው።"

"አመመሽ እንዴ?"

"አይ፣ ለሥራ ነው። ሆስፒታሉ የኮሮና ሕመምተኛ እየተቀበለ ነው፤ ነርስ ይፈልጋሉ። እንዳልነግርሽ ፈርቼ ነው።"

"ውድድሩስ?"

"ሲጠሩን እመጣለሁ።"

"የምርሽን ነው?"

"የምሬን ነው" አለች ትህትና። ስትለው አምናበት ነበር።

ክረምቱ አለፈ። የትራንስፖርቱ እገዳ ተነሳ፣ የፋብሪካው ሜዳም ተከፈተ። ኪዳኑ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ፊርደውስን ያሠለጥናት ጀመር። ትህትና አንዳንድ ቀን ትደውላለች፤ የምታወራው ስለ ኦክሲጅን፣ ስለ ተረኛ፣ ስለ ዳነና ስላልዳነ ሰው ነው። ፊርደውስ ታዳምጣለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ስለ ጨዋታ አንድም ቃል እንዳላወሩ ትዝ ይላታል።

በታኅሣሥ ከክለቡ ተደወለ። ውድድሩ በጥር ይደረጋል። ፊርደውስ ቤቱን በጩኸት ቀወጠችው፤ አባቷ እንድሪስ ከመስገጃቸው ላይ ሳይነሱ "አልሃምዱሊላህ!" አሉ። ትህትናን በስልክ ልትነግራት አልፈለገችም። በማግስቱ ደሴ ወጣች፣ ከደሴ በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ደረሰች፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ አስጠራቻት።

ትህትና መጣች። ከስታለች፤ የማስኩ ጠርዝ ጉንጭዋ ላይ መስመር አውጥቷል። ፊርደውስ እጇን ይዛ ነገረቻት። ትህትና ፊቷ በራ፣ ጥርሷ ታየ። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

"አልሄድም፣ ፊርዲ።"

"ፈቃድ ከለከሉሽ?"

"አልጠየቅኋቸውም።" ትህትና በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "አንዲት ከወረባቦ የመጡ እናት ነበሩ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው እጄን ጨብጠው 'አትሂጂብኝ' አሉኝ። ተረኛዋ መጥታ እንኳ አልሄድኩም። ድነው ወጡ፤ በእግራቸው፣ በዚህ በር። ፊርዲ፣ እዚህ ስሆን ለምን እንደተፈጠርኩ አውቀዋለሁ።"

"ከኔ ጋር ስትሆኚስ አታውቂውም ነበር?"



"አውቀው ነበር" አለች ትህትና። "እሱ ነው እኮ የከበደኝ።"

ፊርደውስ አልሰማቻትም ማለት ይሻላል። "የምሬን ነው ብለሽኝ ነበር" አለችና ሳትሰናበታት ሚኒባስ ተሳፈረች። ደሴ እስክትደርስ መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች።

ክለቡ ሰላም የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አጣመራት። ሰላም ረጅም ናት፤ ሰርቧ፣ ጨዋታ ማስጀመሪያ ምቷ፣ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፣ ጠባይዋም ጥሩ ነው። ፊርደውስ በምንም አላማረረችባትም። ውድድሩ ሲደርስ ሜዳው ዳር የተፈቀደለት ሰው ጥቂት ነበር፤ ያም ቢሆን አፉን ሸፍኖ፣ ተራርቆ ተቀምጧል። ኪዳኑ ከኮምቦልቻ መጥቶ ጥግ ላይ ቦታ ይዟል።

ተጋጣሚዎቻቸው ከውጭ የመጡ፣ ለብዙ ዓመት አብረው የተጫወቱ ሴቶች ነበሩ። የጨዋታውን የመጀመሪያ ዙር ተሸነፉ። ሁለተኛውን በሰላም ሰርብ አሸነፉ። በመለያው እኩል ለእኩል ሲናነቁ ቆዩ። በዚያ መሐል አንዲት ኳስ በፊርደውስና በሰላም መካከል መጣች፤ ፈጣንም አልነበረችም። ከልጅነት ጀምሮ የመሐል ኳስ የትህትና ነው። ፊርደውስ ሳታስበው ወደ ጥግ ሸሸችላት። ሰላም ደግሞ ኳሷ በፊርደውስ ቀኝ እጅ በኩል ስለመጣች ተወችላት። ኳሷ በመሐላቸው አልፋ ሄደች።

"ይቅርታ" አለች ሰላም።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች ፊርደውስ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነጥብ ብቻ ተጫወቱ። ተሸነፉ። መረቡ ላይ ተጨባበጡ፤ በክርን መሆኑ ነው። ኪዳኑ መጥቶ ሻንጣዋን ተሸከመላትና ስለ ጨዋታው ምንም አላነሳባትም።

ኮምቦልቻ ተመልሳ ብዙ ጊዜ ከቤት አልወጣችም። ቦሩ ሜዳ አልደወለችም። አንድ ጠዋት አባቷ ቁርስ ላይ እንዲህ አሏት፦

"ያች ልጅ ትናንት እኔ ስልክ ላይ ደወለች። ስላንቺ ጠየቀችኝ። 'ለምን እሷን አትጠይቂያትም?' አላልኳትም፤ ድምጿ አንጀቴን በላው። ሂጂና አግኚያት ልጄ።"

"አባዬ፣ እሷ ናት እኮ የተወችኝ።"

"እሱን እሷው ፊት በያት።"

ሄደች። ትህትና ስትወጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። ፊርደውስ መንገዱን ሁሉ የተዘጋጀችበት ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላት አለ። ትህትና ቀድማ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ ጠረገችላት።

"ንገሪኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ከሰላምታው ጀምሪ። አንዲት ነጥብ እንዳታስቀሪ።"

ፊርደውስ ጀመረች። መጀመሪያ እየተቆጣች፣ ቆይታ እየተነሳች፣ በባዶ እጇ እየመታች ነገረቻት። ትህትና ጉልበቷን አቅፋ ታዳምጣለች፤ ተጋጣሚዎቹ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ፣ ንፋስ እንደነበር፣ ሰላም በየት በኩል እንደቆመች ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ማለቂያ አልነበረውም። ያኔ ነው ፊርደውስ የገባት፤ ይህቺ ልጅ የውድድሩን ቀን ሙሉውን እዚህ ሆና በልቧ ስትጫወት ነው የዋለችው።

የመሐሏ ኳስ ጋ ስትደርስ ፊርደውስ ለመምታት ያነሳችውን እጇን አወረደች።

"አልፋችሁ ሄደች?" አለች ትህትና።

"ሄደች።"

"ማናችሁም አልጮኻችሁም?"

"እኔ ጮኼያለሁ።" ፊርደውስ መሬት መሬቱን አየች። "ያንቺን ስም ጠራሁ። ሰላም ሰምታለች፤ ጨዋ ስለሆነች አላነሳችብኝም።"

ትህትና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ፊርደውስ አቀፈቻት። እንዲህ ሲተቃቀፉ አውቶቡሱ ከለያያቸው ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

"አልመለስም እኮ" አለች ትህትና ከደረቷ ላይ ሳትነሳ። "ይናፍቀኛል፣ ሌሊት በሕልሜ ሳይቀር እጫወታለሁ። ግን አልመለስም።"

"አውቃለሁ። አሁን አውቄያለሁ።"

ከውስጥ አንዲት ነርስ ትህትናን ጠራቻት። ትህትና ዓይኗን በካፖርቷ እጅጌ ጠርጋ ተነሳች።

"መቼ ትወጫለሽ?" አለቻት ፊርደውስ።

"ገና ነው፤ ሲመሽ ነው። አንቺ ሂጂ፣ ሚኒባስ ይጠፋል።"

ትህትና ገባች። ለደሴ የሚሞላው ሚኒባስ መጥቶ ረዳቱ "ፒያሳ! ፒያሳ!" እያለ ተጣራ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው። "እሙ፣ ግቢ እንጂ!" አላት። ፊርደውስ በእጇ አሰናበተችው። የቦሩ ሜዳ ንፋስ ይቀዘቅዛል። ነጠላዋን ደርባ ተከናነበችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።