ያልተገለበጠው ዝምታ

ፍሬዓለም የድምፅ ግልበጣ ሙያ ለመልመድ ከሮቢት ወደ ከተማ ስትመላለስ፥ የአባቷ የመሪጌታ ተዋቸው ልብ ደስ ይለው ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሚሞቀው በእርሷ ብቻ ነበርና፥ ሥራ ፍለጋ ርቃ እንዳትሄድባቸው ይፈሩ ነበር። ሙያውም ዘመድ መስሎ ታያቸው። በችሎት የተነገረው ሁሉ በመቅረጫ ይያዛል፤ ገልባጯም በጆሮዋ እየሰማች፥ ሳትጨምርና ሳትቀንስ በጽሑፍ ታወጣዋለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ከመምህር አፍ ተቀብለው ለደቀ መዝሙር ሲያቀብሉ ለኖሩ ሰው ይህ እንግዳ አልነበረም።

የልምምዷ መጨረሻ የዘሊካ ጉዳይ ሆነ። ዘሊካ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እርሱ የተወላትን አንዲት ላም ለጎረቤቷ ለታረቀኝ በርቢ ሰጠችው፤ እርሱ ሊያረባት፥ ጥጃውን ሊካፈሉ፥ ላሚቱ ግን የዘሊካ እንደ ሆነች ልትኖር። ላሚቱ ወልዳ ወተቷ ሲበዛ ታረቀኝ “ገዝቻታለሁ” አለ። ርክክቡን ያየች አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ከፈለች የምትባል የታረቀኝ ታላቅ እኅት ናት።

ከፈለች በመሰከረችበት ቀን ፍሬዓለም ከችሎቱ ጥግ ተቀምጣ ነበር።

“እናቴ፥” አሉ ዳኛዋ፥ “ወንድምዎ ላሚቱን የወሰዳት በርቢ ነው ወይስ ገዝቷት?”

ከፈለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አልመለሰችም። ዳኛዋ ጠበቁ። ታረቀኝ አቀረቀረ። የእናትን ልጅ በመሐላ አሳልፎ መስጠት ሞት ነው፤ በሐሰት መማልም ሌላ ሞት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመ የራያ ሰው ዝም ይላል፤ የሰማውም ሁሉ ይረዳዋል። ዳኛዋም ተረዱ። “ይበቃል፥ ይሂዱ እናቴ” አሉ፤ ከምስክሯም ሁኔታ እውነቱ ታይቷል ብለው፥ ላሚቱ ከነጥጃዋ ለዘሊካ እንድትመለስ ፈረዱ።

ታረቀኝ ይግባኝ አለ። የምስክርነቱ ቃል ግልባጭ ተጠየቀ፤ ሥራውም ለፍሬዓለም ተሰጠ። እርሷም በጥያቄውና በስንብቱ መካከል “ምስክሯ ፊታቸውን ሸፍነው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ” ብላ ጻፈች። የሚያለማምዳት ብርሃኑ፥ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጎልማሳ፥ አንብቦ ሳቀ።

“የመሪጌታ ልጅ፥ እዚህ ቅኔ አይዘረፍም።”

“ዝም ብለዋል እኮ ጋሼ። መቅረጫው ላይም ያለው የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነው።”

“እና ነፋሱንም ልትጽፊልን ነው? ገልባጭ የተነገረውን ነው የሚጽፍ። ዝምታ ተነገረ?” ወረቀቱን መለሰላት። “ነገ አስተካክለሽ አምጪ። ለቅጥርሽ የምመሰክርልሽ በዚሁ ሥራ ነው።”

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ የዜማ ብራና ዘርግተው፥ በተጻፈው ቃል ራስ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ይጥሉ ነበር። ቁጭ ብላ የሆነውን ነገረቻቸው። “አባባ፥ ቃል ያልሆነ ነገር ይጻፋል?” አለች።

መሪጌታ በሐሳባቸው ያዩት ባዶውን ቤት ነበር።

“ልጄ፥ የታዘዝሽውን ጻፊ” አሉ፥ ዓይናቸውን ከብራናው ሳያነሡ። “የሚጨምር ጸሐፊ የሌላውን ፍርድ ይሸከማል።”

“ዝም ማለታቸውን እኮ ሰው ሁሉ አይቷል።”

“ያዩት ይመስክሩ። አንቺ እንጀራሽን ያዢ።”

ፍሬዓለም ጥቂት ቆየች፤ የአባቷን እጅና ቀዩን ቀለም ተመለከተች፤ ከዚያም ተነሥታ ሄደች። በማግሥቱ ያን መስመር አጠፋችው። ተቀጠረችም።

የይግባኙ ውሳኔ የመጣው ማሽላው ሲታጨድ ነው። የምስክሯ ሁኔታ የተባለው በግልባጩ ላይ አይታይም፤ ስለ ርቢም የተናገሩት ቃል የለም፤ ስለዚህ ላሚቱ ከነጥጃዋ ለታረቀኝ ትመለስ ይላል።

በእሑድ ቀን፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ ዘሊካ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ ከመሪጌታ ደጅ ቆመች።

“ደኅና ዋሉ የኔታ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ ዘሊካ።”

“ከተማ ሰው ቢያነብልኝም አልገባኝም። የጻፈችው ልጅዎ ናት አሉኝ፤ እርሷው ታንብብልኝ ብዬ ነው።”

ፍሬዓለም ተቀብላ አነበበች። “ወንድምዎ ላሚቱን የወሰዳት በርቢ ነው ወይስ ገዝቷት?” ከዚያም ቀጥሎ፥ “ይበቃል፥ ይሂዱ እናቴ።”

“ቆይ ልጄ” አለች ዘሊካ። “ዘለልሽ።”

“አልዘለልሁም እማማ።”

“ከፈለች ዝም ያለችው የታለ?”

“አልተጻፈም።”

“ወላሂ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ታረቀኝ ራሱ ሰምቶታል።” ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። “አሁንስ አይጨመርም?”

“ከዚህ በላይ ያለው ችሎት የሚያየው የሕግ ስሕተት ብቻ ነው ይላሉ። ነገ እጠይቃለሁ።”

“ጠይቂ። አላህ ይርዳሽ። ላሚቱ ግን ትናንት ሄዳለች።”

“ታረቀኝ ወሰዳት?” አሉ መሪጌታ።

“ከፈለች ናት መጥታ የነዳችለት። አላናገረችኝም፤ ያችኑ ነጠላ ወደ ፊቷ ስባ ሄደች። ጥጃዋ ብቻ አልሄድም ብላ ተመልሳ ጓዳዬ ገባች።” ዘሊካ ፈገግ ለማለት ሞከረች። “ከሁላችን የመሰከረች እርሷ ናት የኔታ።”

ወረቀቱን መደቡ ላይ ትታ ወጣች።

መሪጌታ ብራናውን ከማኅደሩ አወጡ። ከቃሉ በላይ፥ ይዘቱም ቁርጡም፥ በገዛ እጃቸው የተጣሉት ምልክቶች ቀልተው ይታያሉ፤ ዜመኛው ድምፁን የት እንዲይዝ፥ የትም እንዲቆርጥ ይነግሩታል። ቃሉን ብቻ ጽፎ የመጣውን ደቀ መዝሙር “ይህ ሬሳ ነው፥ እስትንፋሱን አምጣ” ብለው ስንት ጊዜ መልሰውታል።

“በጠየቅሽኝ ጊዜ” አሉ፥ “በእጄ የነበረው ይህ ነው።”

“አውቃለሁ አባባ። አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

ፍሬዓለም የዘሊካን ወረቀት ከመደቡ አንሥታ አጠፈችው።

“ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር” አለች።