ሦስት ደቂቃ ሃሎ

ከአሥመራ የወታደሩ የሮበሌ ድምፅ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖት፣ የፉሪ መንደር ሰው «ሞቷል» እያለ ማንሾካሾክ ጀምሮ ነበር። ምጽዋ በሻዕቢያ በተያዘች በወሩ ቴሌግራም መጣ። «ሐሙስ ስምንት ሰዓት ቴሌ ጠብቁኝ። ስልክ ሁለተኛ አይገኝም።»

«ወረቀት ማንም ይጽፋል» አለች እናቱ ገዲሴ። «ድምፁን በጆሮዬ ልስማ።»

ሐሙስ ከልጇ ከአሰገደች ጋር በእግር ወረዱ። አሰገደች ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንግሊዝኛ ታጠናለች፤ ቀና ብላ ሰው የማታይ ዓይን አፋር ናት። ቴሌው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስምንት ሰዓት ዘጠኝ፣ ዘጠኙም አሥር ሆነ።

«አሥመራ! ቁጥር ሦስት ግቡ! ሦስት ደቂቃ ብቻ!» ብላ ስልከኛዋ ተጣራች።

አሰገደች እናቷን ጠባቡ ክፍል አስገብታ የስልኩን እጀታ ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ቦታው ለሁለት ስለማይበቃ በሩን ዘግታ በመስተዋቱ አየቻት። ገዲሴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ወንድሜ እያወራላት ነው፣ ተመስገን፣ አለች አሰገደች በልቧ።

በሩ ተከፈተ።

«ጨረሳችሁ፣ እማዬ?»

«ምኑን? የእኔ ልጅ አይደለም። ከበርሜል ውስጥ የሚጮኽ ሰው ነው፤ ሃሎ፣ ሃሎ ይላል። ሮበሌ እናቱን እንደምን አለሽ ሳይል? ሰላም እስኪለኝ ብዬ ዝም አልኩት።»

አሰገደች እጀታውን ነጠቀች። ጭር ብሏል። ወደ ስልከኛዋ ሮጠች።

«በእናትሽ መልሺልኝ! አልተነጋገሩም እኮ!»

«መስመሩ ለጦሩ ተወሰደ፣ እኅቴ። ልጁም "ማንም አልመጣልኝም" ብሎ ሄደ።»

ገዲሴ ከኋላ ቆማ ሰምታለች። «ሃሎ ምንድን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

አሰገደች ዩኒቨርሲቲ የተማረችውን ነገረቻት። «ሰላምታ አይደለም፣ እማዬ። ጥንት ፈረንጆች ወንዝ ዳር ቆመው፣ ማዶ ያለው ጀልባ እንዲያሻግራቸው የሚጣሩበት ጩኸት ነበር። በኋላ ስልክ ሲመጣ የስልክ ሆነ። አሁን እኛም ሁላችን እንለዋለን። የሚያነሣ ሰው አለ ወይ ነው ነገሩ።»

«ማዶ ሆኖ ሲጠራኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔም ዝም አልኩት?»



ገዲሴ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። የተንጠለጠለውን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች።

«ወዬ!» አለች። «ወዬ ልጄ! አለሁ! ወዬ!»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ልቀቂ ያላት ግን አልነበረም።