መርዶውን የቀደመ ካርድ

እዚያው ነው፣ ግድግዳው ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ ከዘመን መቁጠሪያው ጎን በሁለት እሾህ ተሰክቷል፣ አልወደቀም፣ አይጥ አልበላውም፣ ጭስ አላጠቆረውም፣ ትርሲት ከሚኒባሱ ወርዳ የቀየትን መንደር ዳገት ስትወጣ በልቧ የለመነችው ሁሉ ሳይሰማ ቀርቷል፣ ሐምራዊው ካርድ ከነጧፉ ሥዕል ከነወርቁ ገና ከደጃፍ ይታያል፣ ደግሞ ማማሩ። ማማሩ ነው የሚያናድደው። ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ያቆምሻል፣ ይላሉ እማማ ጌታነሽ፣ ክርስትና እናቷ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠራረጉ፣ ትገባለች፣ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ተይ ተይ ብለው ቀና ያደርጓታል፣ ጉንጫቸው ብርድ ብርድ ይላል፣ ዓይኗ ግን ከግድግዳው አልተነሣም።

አጎዛ ያነጥፉላታል። ቆሎ ያቀርባሉ፣ የአምናው ገብስ ነው፣ የዘንድሮው ገና እያሸተ ነው፣ ብይ እንጂ፣ ይላሉ። ትበላለች። ነገ ነው እኮ። ነገ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወንድማቸው ጋሼ ተገኘ ከራቤል ከተማ፣ ቄስ ወልደ አማኑኤል ከደብሩ፣ ሽማግሌው፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ይህንን ደጅ አንኳኩተው ይገቡና አንድ ልጅዎ አትናቴዎስ አርፏል ይሏቸዋል፣ ከግራ ከቀኝ የሚይዟቸው ሰዎች ተመርጠዋል፣ ውሃ የምታቀርበው ሴት ሳትቀር ታውቃለች፣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሳቸው ብቻ አያውቁም። መርዶ ወጉ ይኸው ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ትከሻ ተዘጋጅቶ። ካርዱ ግን ከትናንት ጀምሮ እዚህ ነው። በትርሲት የእጅ ጽሕፈት፣ በወፍራሙ እስክሪብቶ፣ እግዚአብሔር የልጅዎን የአትናቴዎስን ነፍስ በገነት ያኑርልን፣ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎ ይላል። እማማ ጌታነሽ ማንበብ አይችሉም። እስካሁን ያተረፋት ይህ ብቻ ነው።

ምን ነክቶሽ ነው አንቺ፣ ምን ነክቶሽ። ሐሙስ ለት ጋሼ ተገኘ ደወሉ፣ ድምፃቸው ጭብጥ የማትሞላ ሆና፣ የአትናቴዎስ መኪና ከጅቡቲ ሲመለስ ቆላው መንገድ ላይ ተገልብጦበት እሱም እዚያው ተቀብሯል፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናረዳቸዋለን፣ አንቺም ልጃቸው ነሽ፣ ድረሺ አሏት። ድረሺ። ላኪ አላሏትም። እሷ ግን ቅዳሜ ገበያ ነበረባት፣ ለኅዳር ሠርግ የታዘዘ ሠላሳ የጥሪ ካርድ ነበረባት፣ እሑድ እሄዳለሁ፣ ለጊዜው ካርድ ይድረሳቸው ብላ፣ ብላ! ለቅሶ በካርድ ይደረሳል? በእግሯ መሄድ ሲገባት ወረቀት ላከች፣ ለሚኒባሱ ሹፌር ለይታየው በፖስታ አሽጋ፣ በእጃቸው ስጥልኝ፣ አደራ። ይታየው ደግሞ አደራ በላ አይደለም፣ በእጃቸው ሰጠ። የጋሼ ተገኘን መኪና ጭቃ ውጧት ማደሯን፣ መርዶው ለሰኞ መተላለፉን ማን ይንገራት፣ ደውለዋል፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ እሷ ገበያ መሃል ስለ ጥብጣብ ቀለም ትከራከራለች፣ ማታ ስልኳ ሲሞላ ነው የሰማችው። ሄዳ ቢሆን ኖሮ የለቅሶ ድምፅ የሌለበት ቤት አይታ ነገሩ ይገባት ነበር። ወረቀት ግን አይገባውም፣ ወረቀት የተባለውን ይዞ ዘው ይላል።

ይህ ብቻ በሆነ። ይህ ስንፍና ነው፣ ስንፍና ለንስሐ አባት ይነገራል፣ ይቀላል። ከዚህ በታች ሌላ አለ፣ ለማንም የማይነገር። ጋሼ ተገኘ አርፏል ሲሏት፣ ከእንባዋ በፊት፣ ከእማማ ጌታነሽ በፊት፣ ከራሱ ከአትናቴዎስ ፊት በፊት ወደ ሐሳቧ የመጣው ሐምራዊው ወረቀት ነው። ከደብረ ብርሃን የገዛችው፣ ለሠርግ ይከብዳል፣ ለልደት ይጨልማል፣ ሦስት ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ የከረመ ወረቀት። የጧፉም ማኅተም ነበር፣ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ በምላጭ የቀረጸችው፣ በዚያው ሳምንት ያለቀ፣ ገና ምንም ላይ ያልታተመ። አሁን ይሆናል አለች። በልቧ ነው ያለችው፣ ግን አለች። አሁን ይሆናል። ከዚያ በኋላ አለቀሰች፣ እንባው የውነት ነበር፣ ቅደም ተከተሉ ነው የሚያሳፍረው።

አየሽው ካርድሽን? ይላሉ እማማ ጌታነሽ፣ ክብር ቦታ ላይ ሰቅዬልሻለሁ፣ ቤቴ የገባ ሁሉ እሱን ነው የሚያየው፣ ትናንት ኮከብ ጎረቤቴ እሳት ልትጭር መጥታ ቆማ ቀረች እኮ፣ ጢሱ ዓይኔን ገባኝ ብላ እየጠራረገች ወጣች፣ እሳቱንም ረስታ። ዛሬ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ቄስ ወልደ አማኑኤል ብቅ ብለው መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ማን አመጣው አሉኝ፣ የክርስትና ልጄ ትርሲት ናት፣ የእጇ ሥራ ነው አልኳቸው። ይስጡኝ ልውሰደው አሉኝ፣ ቄስም ይቀማል እንዴ ብዬ ሳቅሁባቸው፣ አልሰጥም አልኩ።

ምን አሉ ታዲያ፣ ትላለች ትርሲት።

ምን ይላሉ፣ ጎበዝ ናት አሉ።

ጎበዝ ናት። ፊቷ ይግላል፣ ጆሮዋ ይግላል፣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነው፣ ቄሱ ያንን ጽሕፈት ፊደል በፊደል አንብበው ጎበዝ ናት አሉ፣ ነገ ያንኑ ነገር በአፋቸው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። በጀርባው ያለውንስ ገልጠው አይተው ይሆን? በጀርባው የሱቋ ማኅተም አለ፣ ትርሲት የእጅ ሥራ ካርዶች፣ መሐል ሜዳ፣ ከነስልክ ቁጥሯ። ስልክ ቁጥር! በሞተ ሰው ካርድ ላይ! የወደደው እንዲደውልና እንዲያዝ ነው? ልማድ ነው፣ እጇ ነው ያተመው፣ እጄ ነው ትላለች፣ እጅ ከሰው ተለይቶ የሚኮነን ይመስል።

ቶሎ በይ፣ ትላለች ለራሷ፣ ይታየው አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ የመጣሽበትን ጨርሺ። ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ዛሬ ማለዳ ፍሬን እንደበጠሰ መኪና እየተጣደፈች የሠራችውን ካርድ፣ ፍሬን አይባልም፣ አሁን ፍሬን አይባልም፣ ታወጣለች፣ ቢጫ ነው፣ አደይ አበባው በሦስት ድርብ ወረቀት ተቆርጦ ብድግ ያለ፣ ከበታቹ አንዲት በግ፣ ጠጉሯ የውነት የበግ ጠጉር በኮላ የተለጠፈ። እማማ፣ የዚያኛው ኮላ ጥሩ አይደለም፣ ይላቀቃል፣ በዚህ ልለውጥልዎ ብዬ ነው የመጣሁት። ሦስት ጊዜ በመንገድ ላይ የተለማመደችው ነው፣ ሳይንተባተብ ወጣ፣ መዋሸት እንዲህ ይቀላል ለካ።

ውይ በጊቱን! እማማ ጌታነሽ በጊቱን በጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ይስቃሉ፣ የኔ በግ ናት ይላሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው ሐምራዊውን ያያሉ። እንዴ፣ የተሰጠኝን መልሼ? እሱም ይቀመጣል ይቺም ትቀመጣለች። ግን ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ አንብቡልኝ ስለው ዓይኔን፣ መነጽሬን፣ ቸኮልኩ ይለኛል፣ ይህ አገር ምን ነካው?

ትነሣለች። ሁለቱን እሾሆች ትነቅላለች። ካርዱ እጇ ላይ ነው፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ተቆርጧል፣ ያንን ጥርሳም መቀስ ማን አመጣላት፣ እሱ፣ አትናቴዎስ፣ ከጅቡቲ መንገድ፣ ካርዶችሽ ጠርዛቸው እንደ ቆርኪ ይሁንልሽ ብሎ፣ ሲስቅ አንድ ጥርሱ ተሸርፎ ይታያል፣ በዚያ መቀስ ነው የቆረጠችው፣ ሁለቴ፣ አንደኛው ስለተንጋደደባት። አንብቢ እንጂ። ልንገራቸው? አሁን፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ የሚይዛቸው ሰው በሌለበት፣ ማን ነኝ እኔ። እንኳን ለወርኃ ጽጌ በሰላም አደረሰዎ፣ ትላለች፣ ዓይኗ ነፍስ የሚለው ላይ ነው፣ እመቤታችን ከነልጅዎ ትጠብቅዎ። ከነልጅዎ! ምን አስገባው፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ምርቃቱ እንዲያምር ብላ ነው፣ አሁንም እንዲያምር ብላ።

አሜን፣ ይላሉ እማማ ጌታነሽ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። አሜን አሜን ልጄ። ጧፉስ? ለእመቤታችን ነው፣ ትላለች። ጥሩ። ከዚያ ዓይናቸው ይበራል። ትርስዬ፣ እንግዲያውስ ቢጫዋ እኔ ዘንድ ትቅር፣ በጊቱ ታጫውተኛለች፣ ይቺኛዋን ለአትናቴዎስ ላኪልኝ፣ ስልኩ እንቢ ካለኝ ሳምንት አለፈው፣ እዚያ በረሃ ስልክ አይሠራም መሰል፣ ወረቀት ግን ይደርሳል፣ አንቺ ዘዴውን ታውቂያለሽ። በጀርባዋ ጻፊልኝ፣ እኔ ልንገርሽ።

ካርዱን ፈልጋ ነበር የመጣችው። ይኸው ተሰጣት።

እስክሪብቶው አይንቀጠቀጥም፣ ያም ያሳፍራታል፣ ፊደሏ እንደወትሮው ድቡልቡል ነው፣ ልጄ አትናቴዎስ እንደምን ከረምክ፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ እየጻፍሽ ነው? እየጻፍኩ ነው እማማ። ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች፣ አንደኛው ያንተ ነው፣ ስም አላወጣሁለትም፣ መጥተህ አውጣለት። ገብሱ እያሸተ ነው፣ ለአጨዳው አንተ ትመጣለህ ብዬ ዘንድሮ ወንፈል አልገባሁም፣ ማንም ሰው አልያዝኩም። ቆላው እንዳይጎዳህ ውሃ ጠጣ። ሌላ ምን ልበለው? ስልክህን አንሣ በይው። ስልክህን አንሣ ብላ ትጽፋለች፣ ከስልክ ቁጥሯ አጠገብ፣ ከወዲያኛው ገጽ ያለው ወፍራም ጽሕፈት በወረቀቱ አልፎ ብቅ ብሏል፣ የሱ ስም ከነነፍሱ ተገልብጦ ይታያታል፣ እጇን ትከልልበታለች፣ ከማን እንደምትከልል ግን አታውቅም፣ እዚህ ቤት የምታነብ እሷ ብቻ ናት።

ስሜንማ አልችልበት፣ ጣቴን ላድርግ፣ የመሬት ደብተሩን ያወጣሁ ለት እንዲያ ነው የፈረምኩት፣ ያ የማኅተም ቀለምሽ አለ አይደል? አለ፣ ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅም፣ ምነው ዛሬ በተረሳ። ትከፍተዋለች። አውራ ጣታቸውን ይዛ ሐምራዊው ቀለም ላይ ትጫናለች፣ ጣቱ ወፍራም ነው፣ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ካርዱ ላይ፣ ቀስ፣ አይንቀሳቀሱ። ወጣ። መስመሩ ሁሉ ወጣ፣ በዕድሜዋ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር አትማ አታውቅም፣ አሁንም ይህንን ታያለች፣ አሁንም ጥራቱን፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ።

ጥሩምባ። ይታየው ነው፣ ታች መንገዱ ላይ፣ ሁለት ጊዜ አጭር አጭር። ተነሺ እንጂ፣ መኪናው ሊሄድ ነው፣ ይላሉ፣ ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከትተውላት የፖስታውን አፍ በምራቃቸው እያሸጉ፣ ነገ አስልኪልኝ፣ አደራ። ነገ። ሠላሳ የሠርግ ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ ኮላው እየደረቀ ነው፣ ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ነው፣ ካርዱ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ማንም ሌላ አያየውም፣ መውጣት ነው የቀራት፣ ወጥታ መሄድ፣ ነገ ማልዳ ከሰው ጋር እንደ ሰው መምጣት፣ ምንም እንዳልተደረገ እያለቀሱ መግባት። እግሯ ግን እንቢ ይላል፣ ቅዳሜ እንቢ ያለው እግር። ጥሩምባው አንዴ ይደገማል፣ ረዘም ብሎ፣ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ቁልቁል ይሄዳል።

አድራለሁ እማማ፣ ትላለች።

እሰይ! ምነው ቀድመሽ አትነግሪኝም፣ በጨዋታ እናነጋዋለን፣ ቆይ እንግዲህ እራት ልሥራ፣ ወይኔ ጣቴ፣ በዚህ ጣት ሊጥ ልነካ ነው? ያምጡ እማማ። ውሃ ታፈሳለች፣ ሳሙና ታመጣለች፣ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ አውራ ጣቱን ታሻለች፣ አረፋው ሐምራዊ ይሆናል፣ ጣቱ ግን እንዳለ ነው፣ አመድ ትዘግናለች፣ በአመድ ታሻለች፣ አይለቅም፣ ይህ ቀለም ሦስት ቀን ካልሆነ እንደማይለቅ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገ ጎህ ሳይቀድ እነዚህን እጆች ሰው ከግራ ከቀኝ ይይዛቸዋል፣ አምልጠው ደረት ይመታሉ፣ ፊት ይቧጥጣሉ፣ ከዚያ ሲነጋ፣ ሰው ሲበርድለት፣ እማማ ጌታነሽ ጭናቸው ላይ የወደቀውን እጃቸውን ያዩታል፣ ጣቱ ምን እንደነካው ያስታውሳሉ።

ኧረ ተይው ልጄ፣ ይላሉ እየሳቁ፣ ነገ ይለቃል፣ ቆዳዬን ላጥሽው እኮ። አመዱን ትጨምራለች፣ ውሃውን ትጨምራለች። ተይ ያመኛል፣ ይላሉ፣ አሁን አይስቁም፣ ፊቷን ያያሉ፣ ምን ሆነሻል አንቺ፣ ምነው ታለቅሻለሽ፣ ትርሲት፣ እሷ ጎንበስ ብላ ጣታቸውን ታሻለች።