ሁለቱ ዲካኦዎች

«ምራቅ አይዋሽም» አለ ዶክተሩ። ቹኮ የያዘችው ሻይ አፏ ውስጥ መረራት።

እናቷ አሮጊቷ ዲካኦ ከተቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለቀስተኛው እሳቱን ከቦ ትምባሆ ይቀባበላል። ዶክተሩ ከናሚቢያ ዋና ከተማ ከዊንድሁክ ድረስ መጥቶ አንድ ከረጢት ስኳር አስረከበ፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ያለበት አፉ ሳይደርቅም የምርመራውን ውጤት ወረቀት ዘረጋ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የሰው ዘር ከየት እንደመጣ አጠናለሁ ብሎ የመንደሩን ሰው ሁሉ ምራቅ በብልቃጥ ሰብስቦ ነበር።

«የዲካኦ ዘር በምድር ላይ ካሉት ጥንታዊ ከሚባሉት ነው። የእርስዎ ግን ከከብት አርቢዎች ጋር የተቀላቀለ ነው። ልጇ አይደሉም። ለምን ዋሹን?»

«እናትሽ ማን ናት አልከኝ፤ ዲካኦ አልኩህ። ምኑ ነው ውሸቱ?»

ቹኮን የወለደቻትም ሴት ዲካኦ ትባል ነበር፤ አራስ ሳለች ሞተች። ያኔ ይህቺኛዋ ዲካኦ ወሬውን ሰምታ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ መጣች። «የልጅቷ እናት ዲካኦ አይደለች? ዲካኦ እኔ ነኝ» ብላ ሕፃኗን አንስታ አጠባቻት። በዚያ አገር ስም የተጋራ ሥጋ የተጋራ ነውና ማንም «አንቺ ምኗ ነሽ?» ብሎ አልጠየቃትም።

«ስለ ምራቋ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለች ቹኮ። «ጥርስ እስካወጣ ሥጋውን እያኘከች ነው ያጎረሰችኝ!»

«ግድ የለም፣ መዝገቡን እናርመዋለን» አለ ዶክተሩ። ዓይኑ ጎጆው በር ላይ የተሰቀለው የሟች ሻሽ ላይ አረፈ። «ፀጉሯ ተጣብቆበታል። ለማረጋገጥ ያህል ቢሰጡኝ...»

የአጎቷ ልጅ ጻምካኦ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «አንቺ፣ ስጪውና ይሂድ። ስኳሩን መልሶ እንዳይወስድብን።»

ቹኮ ሁለቱንም ተጸየፈቻቸው። ስኳሩን እየቃሙ ጣታቸውን ከሚልሱት ዘመዶቿ ፊቷን ወደ ዶክተሩ መለሰች።

«አራት ቀን ሙሉ አምቡላንስ ስንለምንላት ጥንታዊነቷ ለማን ታየው?»

ዶክተሩ ከቦርሳው ጓንት አውጥቶ እያጠለቀ ተነሳ። ቹኮ ቀደመችው። ሻሹን ከበሩ አውርዳ ጭንቅላቷ ላይ ጠመጠመችው፤ የእናቷ ነጭ ፀጉር ከእሷው ፀጉርና ላብ ጋር እስኪደባለቅ በሁለት መዳፏ አሸችው።

«በል፣ ለየን» አለችው።

ከዚያ እናቷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠችና ሻሹን ጎትታ ዓይኗ ላይ ደፋችው።