ከመዝገቡ ይውጣ

ዘርዓብሩክ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ሶማሊኛውን ከመጋላ ገበያ ወተት ሻጮች፣ ኦሮምኛውን ከከሰል ነጋዴዎች አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ በመስማት ብቻ ለቀመው። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባቱ «ይሄ ልጅ ጆሮ ብቻ ነው» ይሉት ነበር። ሥራ ሲጀምር «ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ» ብሎ ምሏል። ሌላው ምሎ ይረሳል፤ እሱ ግን ጧት ጧት ጸሎቱን ሲያደርስ ያቺን ቃል አብሮ ይደግማት ነበር።

የዐብዲሰላም መዝገብ የመጣው ግንቦት ላይ፣ ሙቀቱ ሰው በሚያነድበት ሰሞን ነው። ዐብዲሰላም ባጃጅ ነጂ ነው። ከጀልዴሳ ሲመለስ ኬላ ላይ አስቆሙት፤ ተሳፋሪው ወርዶ ጠፋ፤ ከኋላ ሦስት ጆንያ ቀረጥ ያልተከፈለበት ጨርቅ ተገኘ። «የተሳፋሪው ነው» ቢል ማን ይስማው? አንዱ መርማሪ የዐብዲሰላምን አውራ ጣት ይዞ ስልኩ ላይ ተጫነና ከፈተው። እናቱ ሃሊሞ በድምፅ የላከችለት አሥራ አንድ መልእክት ወጣ። ሶማሊኛ የሚያውቅ አንድ መርማሪ አራተኛው ላይ ሲደርስ ጆሮው ቆመ፦ «ያን ነገር ጧት አድርስልኝ፤ ሰው እንዳያይህ።»

«ያ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። አልናገርም አለ። ለገዛ ጠበቃው ለኑኃሚን እንኳ ትንፍሽ አላለም።

መልእክቶቹ በሙሉ በጽሑፍ ተተርጉመው እንዲቀርቡ ታዘዘ። ዘርዓብሩክ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ መዝገብ ቤቱ ጥግ ተቀመጠ። ሰባተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ልጄ፣ የእህትህ የፋዱማ ኪኒን አልቋልና ነው ጧት አድርስልኝ ያልኩህ። ትናንትም ጣላት፤ ምላሷን ነክሳ ደም በደም ሆነች። የሚጥል በሽታ እንዳለባት የአዩብ ቤተሰብ ሳይሰማ ሠርጉ ይለፍልን። እኔ፣ አንተ፣ ሦስተኛ አላህ ነን የምናውቀው።»

አራተኛ ዘርዓብሩክ ሆነ።

የሚያደርገውን ሁሉ አሰበው። ሰባተኛውን ቢያስቀር፣ አራተኛው ብቻውን ወንድምየውን ወኅኒ ይሰደዋል። ቢያነበው፣ የእህቲቱ፣ ከዒድ በኋላ ቀን የተቆረጠለት ሠርግ ይፈርሳል። «የእህትህ መድኃኒት» ብሎ የበሽታውን ስም ቢውጠውስ? እንደዚያ ጻፈ። አየው። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ቀደደውና እንዳለ ጻፈው፤ አሽጎም አስረከበ።

በቀጠሮው ቀን ኮሪደሩ ላይ ሃሊሞ አገኘችው። «ወላሎ» አለችው በሶማሊኛ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «የኔን ቃል የምታነበው አንተ ነህ አሉኝ። ሁሉንም አገኙት እንዴ? መልእክቱ አንዴ ከተሰማ በኋላ አይጠፋም?»

«እህቴ፣ ከባለጉዳይ ጋር መነጋገር ክልክል ነው።»

«እሺ፣ እሺ። ቋንቋዬን የሚያውቅ ሰው መቼም አይጎዳኝም» ብላ መረቀችው።

ከኋላዋ አማቾቿ ገቡ። የፋዱማ እጮኛ አዩብና አባቱ ሐጂ ዒልሚ፣ ዘመድ የሚለየው በችግር ቀን ነው ብለው ሱቃቸውን ዘግተው መምጣታቸው ነው። ሐጂ ዒልሚ ተከሳሹን ሲያዩ፣ «ወርያ፣ አንተ ልጅ! ከሳህ እኮ! በዚህ አጥንት ነው ለእህትህ የምትጨፍረው?» አሉት። ሰው ሳቀ። ዐብዲሰላም አልሳቀም።

ችሎቱ ሲሰየም ኑኃሚን ተነሣች። «ክብርት ዳኛ፣ ሕገ መንግሥቱ የሰው ደብዳቤ እንዳይደፈር ይከላከላል። ስልክ ደግሞ ዛሬ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ጓዳ ነው። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በገዛ ጣቱ ጓዳውን ከፈቱበት። ይህ መነበብ የለበትም።»

ዐቃቤ ሕጉ ካሣ እጁን ዘረጋ። «ትእዛዝ እስክናወጣ ዕቃው ይቆየናል? መንግሥት በር አንኳኩቶ ‹ይቅርታ፣ ኮንትሮባንድ ቤት ነው?› ይበል?»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ። «ተቃውሞው ተመዝግቧል። ነገር ግን ይዘቱን ሳናውቅ መወሰን ይከብደናል። መጀመሪያ ይነበብ፤ ብይኑን በኋላ እንሰጣለን።»

ዘርዓብሩክ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። «ክብርት ዳኛ፣ በዝግ ችሎት ቢሆን…»

«አስተርጓሚያችን ደግሞ ጥብቅና ጀመሩ?» አለ ካሣ።

«ምክንያትዎን ይናገሩ» አሉ ዳኛዋ።

ምክንያቱን መናገር ራሱ ምስጢሩን መናገር ነበር። በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለዳኛዋ ማቀበል ይችል እንደነበር ያሰበው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ወረቀቱን አገላበጠ፤ «እንግዲያው ያንብቡ» ተባለ።

ስድስተኛውን ጨርሶ «ሰባተኛ» ሲል ዐብዲሰላም ብድግ አለ። «ጨርቁ የኔ ነው! ኮንትሮባንድ ነው፣ አምናለሁ! ፍረዱብኝና ተዉት፣ አታንብቡት!»

ፖሊሱ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። «ያላደረግኸውን እንዳታምን ነው እኮ የምንሰማው» አሉ ዳኛዋ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ይቀጥሉ።»

ቀጠለ። አንድ ቃል አልጨመረም፤ አንድ ቃል አልቀነሰም። ሃሊሞ አማርኛ ብዙ አትሰማም፤ የፋዱማን ስም ግን ሰማች፤ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ሐጂ ዒልሚ አልጮሁም። ቆባቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ልጃቸውን በዓይን ጠሩት። አዩብ በሩ ላይ አንዴ ዞሮ አየና አባቱን ተከተለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብይን ተሰጠ። የእነሐጂ ዒልሚ አግዳሚ ባዶ ነበር። ዳኛዋ አነበቡ፦ ስልኩ የተከፈተው ከሕግ ውጭ ነው፤ አሥራ አንዱም መልእክት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ከመዝገቡ ይውጣ፤ ሌላ ማስረጃ ስላልቀረበ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት። ኑኃሚን ከደስታዋ ብዛት የደንበኛዋን እጅ ይዛ ወዘወዘችው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ገጾቹን መዝዞ አወጣ። ዘርዓብሩክ ሲያይ ነበር። ከመጋላ ጆሮ ግን ማን ይመዝዘው? የጥሎሹ ሻንጣ ወደ አዩብ ቤት ከተመለሰ አሥር ቀን ሆኖታል። ፋዱማም ከቤት አትወጣም አሉ።

ሃሊሞ ግቢው ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ልጇን አቅፋ ቆማ ነበር። መዝገቡ ተዘግቷል፤ አሁን መነጋገር አይከለከልም። ዘርዓብሩክ ቀረበና በሶማሊኛ ጀመረ፦ «እህቴ፣ ይቅር በይኝ። መሐላ…»

ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። የገበያ አማርኛዋን አንድ በአንድ እየፈለገች አወጣች።

«እኔ አማርኛ ትንሽ ይችላል» አለችው። «ከአንተ ጋር አማርኛ ይበቃል።»

የልጇን እጅ ይዛ ወደ መውጫው ሄደች። በሩ ጋ ሳትደርስ ለልጇ በሶማሊኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራለት ጀመር። ዘርዓብሩክ ጆሮው ከዚያም ርቀት ይሰማል። ፊቱን አዙሮ፣ ላለመስማት፣ ቶሎ ቶሎ ተራመደ።