በባሻ ቤት ተብሏል

ከሐረር ፈላና በር ወደ ውስጥ ጥቂት ራመድ ሲሉ፣ የከተማውን ግንብ ተጠግቶ የተሠራ አንድ ቤት ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው በሰው ይሞላል። ባለቤቱ ባሻ እንደሻው ይባላሉ። ባሻ ሀብት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ወሬ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከጅቡቲ ወይም ከኤደን የተመለሰ ነጋዴ ሁሉ ሐረር ሲገባ እሳቸው ዘንድ ጎራ ሳይል አያልፍም ነበር። ጠጅ ለሚጠጣው ጠጅ፣ ለእስላሙ የቡና ቅጠል ቁጢ ይቀርብለታል። ከዚያ ባሻ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «እስቲ ጌታው፣ አገሩ እንዴት ሰነበተ?» ይላሉ፤ ጨዋታው ይጀመራል።

ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ከሰዉ ግማሹ የሚቀመጠው ደጅ ነው። ስለዚህ ባሻ እንግዳው የተናገረውን እየተቀበሉ፣ ወደ በሩ ዞረው በዚያ ደወል በመሰለ ድምፃቸው ይደግሙታል። ደጅ ያለው ሰው የሚሰማው እንግዳውን ሳይሆን ባሻን ነው። ገበያ ላይ ክርክር ሲነሣ «በባሻ ቤት ተብሏል» ያለ ሰው ረታ ማለት ነበር።

አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ፣ «እንግዳህን አብላው፣ አጠጣው፤ አፉን ግን አትያዘው» ብለዋቸው ነበርና ባሻ ይህን እንደ ኑዛዜ ጠብቀው ኖረዋል። አንድ ነጋዴ ኤደን አጠገብ መርከብ የዋጠ ዓሣ አየሁ ቢል፣ ባሻ ፊታቸው ሳይፈታ ወደ ደጅ ዞረው «መርከብ የዋጠ ዓሣ አይተዋል!» አሉ። ሰው ሲበተን ሚስታቸው ወይዘሮ በለጡ ብርሌ እየሰበሰቡ፣ «ለመሆኑ መልሕቁ ጉሮሮው ላይ አልተሰነቀረም?» ብለው ጠየቋቸው።

«እኔ ምን አውቄ። እንግዳ ነው፤ አለ፣ አልኩ።»

«አዬ! ዓሣው መርከቡን ዋጠ፣ አንቱ ደግሞ ዓሣውን ዋጡ።»

ባሻ ሳቁ። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ግቢው ውስጥ ዘወትር ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ ወለተሥላሴ የምትባል ጎረቤት ነበረቻቸው። ባሏ ለገሠ ጅቡቲ ወርዶ ወደብ ላይ ከመርከብ ዕቃ ያወርድ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የመጨረሻውን ደብዳቤ የጻፉላት ባሻ ራሳቸው ናቸው። ቀለሙ ሳይደርቅ የበለጡ ዶሮ ወረቀቱ ላይ ብትሄድበት፣ ባሻ ሊቀዱት ሌላ ወረቀት ሲያነሡ ወለተሥላሴ፣ «ግድ የለም ይተዉት፤ ዶሮዋም ሰላም ብላሃለች ይበሉልኝ» ብላ ስቃ ነበር። ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ መልስ አልመጣም።

አንድ እሑድ ሀብተወልድ የሚባል ሲራራ ነጋዴ መጣ። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ የሚያልፍ ነው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ፈረንጆቹ፣ ስለ ጨዉ ሲያወራ ከቆየ በኋላ፣ ወለተሥላሴ ከበሩ ቀና ብላ ጠየቀች።

«ጌታው፣ ለገሠ የሚባል የሐረር ልጅ ወደብ ላይ አላጋጠመዎትም? ረዥም ነው፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።»

ሀብተወልድ ብርሌውን አስቀመጠ። ኩታውን አስተካከለ። ባሻን አየ፣ እሷን አየ።

«ደኅና ነው» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደኅና ነው፣ እመቤቴ» አለ።

«መቼ አዩት?» የሚለው ጥያቄ ባሻ ጥርስ ላይ ደርሶ ነበር። ሰውየው የት እንዳየው አልተናገረም፤ መቼ እንዳየውም አልተናገረም። ግን እንግዳ ነው፤ የጠጣውም ገና ሁለት ብርሌ ነው። ባሻ እንደ ልማዳቸው ወደ ደጅ ዞሩና፣ «ለገሠ ደኅና ነው!» አሉ። ግቢው በእልልታ ተናጋ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሀብተወልድ ቶሎ አልሄደም። የበቅሎውን መቀነት ፈታ፣ መልሶ አሰረ፣ እንደገና ፈታ። ባሻ ለመንገድ ስንቅ የፈለገ መሰላቸውና የድፎ ዳቦ ግማሽ አስይዘው ሊሸኙት ወጡ። ዳቦውን ተቀብሎ ትንሽ ቆመ።

«ባሻ፣ የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር የለም?»

«የለም ጌታው፤ በሰላም ይግቡ።»

ሀብተወልድ በረዥሙ ተንፍሶ በቅሎው ላይ ወጣ።

በማግስቱ ወለተሥላሴ መጥታ የባሻን ጉልበት ሳመች። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ማለዳ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ድሬዳዋ ወርዳ፣ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ ልትገባ ቆርጣለች። ከከተማው ራስጌ ካለው ከሐኪም ተራራ አልፋ የማታውቅ ሴት! ቤቷን ለአክስቷ ልጅ ለገላነሽ ልታስረክብ፣ ላሟን ልትሰጥ ነው።

«ቆላው ይገድልሻል፣ ልጄ» አሏት ባሻ። «ሰውስ ብትልኪ?»

«ደኅና ሆኖ ካልጻፈልኝ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ እጠራጠር ነበር። እርስዎ ነዎት ደኅና ነው ያሉኝ፤ በጆሮዬ ሰማሁ።»

ባሻ «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» ሊሉ አሰቡና ተዉት። እውነት ማን ነበር ያላት? ግራ ገባቸው።

እሷ ስትወጣ በለጡ ከጓዳ ብቅ አሉ። «መቼ አየኸው ብሎ መጠየቅ ምን ነበረበት?»

«አባቴ...»

«አባትዎ ስለ ዓሣ ነው የነገሩዎት፤ ስለ ሰው ባል አይደለም! ለመሆኑ አንቱ ገደል ማሚቶ ነዎት ወይስ የቤት ጌታ?»

ይህ ቃል ባሻን ሳምንቱን ሙሉ እንደ እሾኽ ወጋቸው። ከእንግዲህ የሰማሁትን ዝም ብዬ አልደግምም፣ እጠይቃለሁ፣ አሉ ለራሳቸው።

በሚቀጥለው እሑድ የመጡት እንግዳ አው ዐብዱልመጂድ ነበሩ። «አው» የሐረር ሰው ለታላቁ የሚሰጠው የአክብሮት ስም ነው። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ይወርዳሉ። ቁጢያቸውን ፉት እንዳሉ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ወለተሥላሴ ረቡዕ ባሏን ለገሠን ፍለጋ ጅቡቲ ልትሄድ መሆኑን አጫወታቸው። አው ዐብዱልመጂድ ስኒውን አስቀመጡ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ባሻ፣ ይህች ሴት እንዳትሄድ። ለገሠ ሞቷል። ዓመት አልፎታል።»

ባሻ ወደ ደጅ አልዞሩም፤ ቃሉ ግን ከአፍ ወደ አፍ ራሱ ወጣ። ወለተሥላሴ ደፉ ላይ መጥታ ቆመች። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። ባሻ ያንን ፊት ባዩ ጊዜ ሳምንቱን ያመቁት ጥያቄ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ።

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«ሲሞት አላየሁም። አብረውት የሚሠሩት ነገሩኝ፤ መቃብሩንም አሳዩኝ።»

«መቃብሩ ላይ ስሙ ተጽፏል?»

«የለም። ድንጋይ ነው የተደረገበት።»

«እንግዲያው ከድንጋዩ በታች ማን እንዳለ በምን አወቁ?» ባሻ አሁን ወደ ደጅ ዞሩ። «ስም የሌለው ድንጋይ አይተው ነው የሰው ባል የሚገድሉ!»

ግቢው ሳቀ። አንዱ «ጎሽ ባሻ!» አለ። ባሻ እንዲህ ሲጠይቁ ማንም አይቶ አያውቅም ነበርና ሰዉ እንደ ሙግት አዳመጠው። አው ዐብዱልመጂድ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደው ነበር፤ ሳቁን ሲሰሙ ባዶውን መለሱት።

«ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ባሻ» አሉ ሲነሡ። «እኔ አማናዬን፣ አደራዬን ለማድረስ መጥቼ ነበር።» ቁጢያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ወለተሥላሴ እያለቀሰች የባሻን እጅ ያዘች። «ነፍሴን መለሱልኝ፤ እግዜር ይስጥዎ።»

ሰው ከሄደ በኋላ በለጡ ዝም ብለው ስኒውን ሲያጥቡ ባሻ አላስቻላቸውም። «ይኸው ጠየቅኩ አይደል? ጠይቅ ስትይኝ አልነበር?»

«ጠየቁ። ደግ የተናገረውን ዝም አሉት፣ ክፉ የተናገሩትን ሰቅለው ያዟቸው። እኔ እንጃ።»

ባሻም እንጃ አሉ በልባቸው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ስም የሌለው ድንጋይ ምን ይመሰክራል? ታዲያ ለምንድነው የሰረቁ ያህል የተሰማቸው?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሀብተወልድ ከጅጅጋ ተመልሶ በፈላና በር በኩል ሲገባ ባሻ ሮጠው ልጓሙን ያዙ።

«ለገሠን መቼ አዩት?»

ሀብተወልድ ወረደ። «ባሻ፣ እየቀለዱ ነው? ጠጅ እየተጠጣ፣ ሰው እየሳቀ፣ ሚስቱ ፊት መርዶ ይነገራል? ደኅና ነው ከማለት ሌላ ምን እንድል ፈልገው ነበር?»

ባሻ ልጓሙን ለቀቁ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እንኳን እሳቸው ሕፃን ያውቃል። ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ነው እንጂ እንዲያው እንደ ገበያ ወሬ አይወረወርም። እስከዚያ የሰማ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ይላል። እሳቸውስ ስንት ጊዜ እንዲህ ብለዋል!

«ሁለት ጊዜ ደኅና ነው አልኩ፤ መቼ አየሁትም የት አየሁትም አላልኩም» አለ ሀብተወልድ። «ባሻ ይገባቸዋል አልኩ። ሰው ሲወጣ ይጠይቁኛል ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ዳቦ ሰጡኝ።»

«ሞቷል ማለት ነው?»

«ሞተ ሲባል ሰማሁ። መቃብሩን አላየሁም። ያየ ሰው ካለ እሱን ይጠይቁ።»

ያየ ሰው ነበር። ባሻ ሀብተወልድን አስከትለው በጠባቡ መንገድ ወደ አው ዐብዱልመጂድ ሱቅ ሲወርዱ እግራቸው ይጎተት ነበር። አው ዐብዱልመጂድ ጨርቅ እያጠፉ አገኟቸው። «ግቡ» አሉ እንጂ ቂም አላሳዩም።

«እሑድ እጅዎን ኪስዎ ከተው ነበር» አሉ ባሻ። «ምን ሊያወጡ ነበር?»

«አሁን ገና ጠየቁኝ።» ሽማግሌው በመሐረብ የታሰረች ነገር ፈቱ። ብዙ ጊዜ ታጥፎ መታጠፊያው የሳሳ ወረቀት ነው። «ልብሱ ውስጥ ተገኘ። በእኛ ዘንድ ሞት አይደበቅም፣ የሞተ ሰው ዕቃም አማና ነው። ግን ሚስቱ እዚያው ደጅ ላይ መቀመጧን አላወቅኩም ነበር። ሳቅ መሐል ማውጣቱ ደግሞ አስጠላኝ።»

ባሻ ወረቀቱን ዘረጉት። ጽሕፈቱ የራሳቸው ነው። በግራ ጥጉ ሦስት ጣት ያላት የዶሮ እግር አለች።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሦስቱ ሰዎች የወለተሥላሴ ደጅ ላይ ደረሱ። ገላነሽና ጥቂት ዘመዶች በባሻ ቃል ቀድመው ተሰብስበዋል። በቅሎዋ ተጭና ቆማለች። ወለተሥላሴ ጫማዋን ይዛ ብቅ አለች፤ ሰዎቹን አየች፤ ገና የቀደደውን ጎሕ አየች። ጫማው ከእጇ ወደቀ።

ባሻ ወደ ቤት መልሰው አስቀመጧት።

«ባሻ» አለች፣ «ደኅና ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሞቷል ሲባል የተከራከሩልኝም እርስዎ ነዎት። ዛሬ ደግሞ በማለዳ መጡ። የትኛውን ልመን?»

«ማናችንንም ዝም ብለሽ አትመኚ። ጠይቂኝ» አሉ።

ጠየቀች። ሲሞት ማን አየው? አብረውት የሚሠሩት፣ አሉ፤ እኔ አላውቃቸውም። በምን ሞተ? በንዳድ ይባላል። መቃብሩ ላይ ስሙ አለ? የለም። እንግዲያው እሱ ለመሆኑ ምን ያውቃሉ?

«ከድንጋዩ በታች ያለው እሱ ለመሆኑ አላውቅም» አሉ ባሻ፣ ጎረቤት እንኳን በማይሰማው ድምፅ። «ደብዳቤሽ እጁ መግባቱን፣ ከእጁም መውጣቱን ግን አውቃለሁ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው።» ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖሩት።

ወለተሥላሴ ማንበብ አታውቅም። ጣቷ ግን በጥጉ ያለችውን የዶሮ እግር አገኘች፤ እዚያው ላይ ቆየች። ከዚያ የሳሳውን መታጠፊያ በዝግታ ዳሰሰችው።

«ስንት ጊዜ አውጥቶ አጥፎታል» አለች። «በሕይወት ቢኖር ይህንን ለሰው አይሰጥም ነበር።» ቀና ብላ ወደ ገላነሽ ዞረች። «ጭነቱን አራግፉት።»

አው ዐብዱልመጂድና ሀብተወልድ ወጥተው የበቅሎዋን ገመድ በሁለት ወገን ይፈቱ ጀመር። ባሻም ተከትለው ወጡ። አጥሩ ላይ ጎረቤቶች ተደርድረዋል። አንዱ አንገቱን አስግጎ፣ «ባሻ፣ ምን ተባለ?» አለ።

ባሻ እንደ ልማዳቸው ወደ ሰዉ ዞሩ፤ አፋቸውንም ከፈቱ። አብረውት የሚሠሩትን ያስቀድሙ፣ ወይስ ስም የሌለውን ድንጋይ? ወይስ የዶሮዋን እግር? የትኛውን አስቀድመው እንደሚደግሙ ግራ ገብቷቸው እንደቆሙ፣ ከቤት ውስጥ የወለተሥላሴ ጩኸት ወጣ። ባሻ አፋቸውን ገጥመው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ለቅሶው ገቡ።