ቀይ ቀለም በቢጫ መብራት

መሪጌታ ዘማርያም ከአምፖል ጋር ከተጣሉ ሁለት ዓመት አልፏል። ጠቡን የጀመረው አምፖሉ ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ሞላ ከመካነ ሰላም ገበያ ነጫጭ አምፖሎች ገዝተው ቤተ ክርስቲያኑን ያንቦገቦጉት ዕለት ሕዝቡ እልል አለ፤ መሪጌታ ግን አትሮንሱ ፊት እንደቆሙ ዓይናቸው በእንባ ተሞላ። ብርሃኑ ብራናው ላይ ያርፍና ተመልሶ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ፊደሉ ይዋኛል። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን አንባቢ ሆነው ነው የኖሩት።

"አለቃ፣ ይኼ መብራት ዓይን ይወጋል" ቢሉ፣

"የሚወጋውስ ዕድሜ ነው" አሉ አለቃ ሞላ። "ብርሃን በዛብኝ ተብሎ ሲከሰስ ዛሬ ገና ሰማሁ።"

ከዚያ ወዲያማ በደብሩ ሐኪም ያልሆነ ሰው ጠፋ። አንዱ ካሮት ብሉ ይላል፣ አንዱ ጠበል ይላል፣ አንዷ የሟች ባሏን መነጽር ይዛ መጥታ "እስቲ ይሞክሩት" ትላለች። ደሴ ድረስ ሄደው ያዩት ሐኪም እንኳ "የዓይንዎ ሞራ ገና ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል" ብሎ መለሳቸው። "ሲበስል! ማሽላ ነው እንዴ?" እያሉ መንገዱን ሙሉ ሚኒባሱ ውስጥ ሲያጉረመርሙ መጡ።

ጭንቁን ያቃለለችው ልጃቸው እፀገነት ናት። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። የአሠሪዋ እናት የሚያነቡበትን አይታ፣ ተመሳሳዩን ገዝታ ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ ላከች። አውራ ጣት የምታክል፣ የመጽሐፍ ጠርዝ ቆንጥጣ የምትይዝ፣ ቻርጅ የምትደረግ ትንሽ መብራት ናት። "አባባ፣ ቢጫ ብርሃን ነው ለአረጋዊ ዓይን የሚስማማው" አለች በስልክ። ሌላ መካሪ መጣ ብለው ተበሳጩ። መብራቷን ሲያበሯት ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ ብርሃን ወጣ፤ ፊደሉም ከሁለት ዓመት በኋላ አርፎ ተቀመጠ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

መብራቷ ቤተ ክርስቲያን የገባችው የየኔአለም መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚነበብበት እሑድ ነው። የደብሩ ምእመን የየኔአለም ልጅ ጸደንያ ለሥራ በሄደችበት ጅዳ ሞታ እዚያው ተቀብራለች። እናቷ ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር የላትም። ስለዚህ ቁም ጸሐፊውን ይሄነውን ለምና፣ የእመቤታችንን የተአምር መጽሐፍ በልጇ ስም በብራና አስጻፈች። በየተአምሩ መጀመሪያ "በረከቷ ከአገልጋይዋ ከእገሊት ጋር ይሁን" የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ የልጅቷ የክርስትና ስም ይገባል። ልጅቷ ክርስትና የተነሣችው ኩታበር ስለሆነ ስሟን ከእናቷና ከጸሐፊው በቀር የሚያውቅ የለም። የኔአለም ማንበብ አትችልም። ያን ስም በሕዝብ ፊት ሲጠራ ለመስማት ስምንት ወር ጠብቃለች።

ገና አልነጋም። መሪጌታ በዙሪያቸው ያሉትን አምፖሎች አስጠፍተው ቢጫዋን መጽሐፉ ላይ ቆነጠጡና ጀመሩ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ። "በረከቷ ከአገልጋይዋ…" ሲሉ ግን ቆሙ። ቦታው ባዶ ነው። ጣታቸውን አስኬዱበት፤ ምንም የለም። ወደ ሁለተኛው ተአምር ገለጡ፤ ባዶ። ሦስተኛውም ባዶ። ለገበያ የሚጽፍ ጸሐፊ ገዢው እስኪታወቅ የስሙን ቦታ ክፍት እንደሚተው ያውቃሉ፤ ደማቸው ፈላ።

"ጸሐፊው ስሙን ሳይጽፍ ነው ያስረከባት!" አሉ ጮክ ብለው። "እናት ላይ የሚቀልድ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው?"

ከሴቶቹ በኩል የየኔአለም ድምፅ ተሰማ። "ልጄስ? የልጄ ስምስ የለም?"



ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ለዝክር ግቢው ውስጥ ሲቀመጥ ይሄነው መሪጌታን ዛፉ ሥር ያዛቸው። መጽሐፉን ፀሐይ ላይ ዘረጋው። ስሟ አለ። በቀይ ቀለም፣ በየተአምሩ፣ ቁልጭ ብሎ።

"ባዶ ነበር! በዓይኔ ነው ያየሁት!"

"ችግሩ እሱ ነዋ" አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት አለቃ ሞላ። "በዓይንዎ ማየትዎ። በቃ ይረፉ፤ ከሚመጣው እሑድ ሌላ ሰው ያነባል።" አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አርባ ዓመት በአንዲት ቃል አለቀ።

 መሪጌታ መጽሐፉን በአንድ እጅ፣ የይሄነውን ክንድ በሌላው ይዘው መስኮት የሌለው እቃ ቤት ውስጥ ገቡ። በሩን ዘጉና ቢጫዋን አበሩ።

ስሟ ጠፋ። ይሄነው የገዛ እጁ ጽሕፈት ላይ አጎንብሶ ዓይኑን አሸ። "ወላሂ ጠፋ!" አለ። በሩን ከፈተ፤ ስሟ ተመለሰ። ዘጋ፤ ጠፋ። ጥቁሩ ቀለም በቦታው አለ፤ ቀዩን ግን ብርሃኑ ከብራናው ጋር አንድ አድርጎታል።

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ ገጹ ራስ ከፍ አደረጉ። የእመቤታችን ስምም የለም። እሱም በቀይ ነውና። ጧት ግን ሳያደናቅፋቸው ጠርተውት ነበር፤ ያነበቡት በቃላቸው ነበር እንጂ ከመጽሐፉ አልነበረም። ስንት ጊዜ ሳያዩ አየሁ ብለው ይሆን? አፈሩ።

"በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ በሰው ፊት እክስሃለሁ" አሉት።

"አብሽሩ መሪጌታ። እኔን ይተዉኝ፤ እሷ ግን እዚያ ተቀምጣለች።"

የኔአለም ከቅጥሩ ሥር ነበረች፤ የዝክሩን እህል አልቀመሰችም። መሪጌታ በሕዝቡ መሐል ቆመው ጥፋቱ የሳቸው እንጂ የይሄነው እንዳልሆነ ተናገሩ። ከዚያ ወደ አለቃ ሞላ ዞሩ። "አምፖልዎን ያብሩልኝ፤ ሁሉንም።"

ሕዝቡን አስከትለው ቤተ ክርስቲያን ገቡና ቢጫዋን ኪሳቸው ከተው አትሮንሱ ፊት ቆሙ። ነጩ ብርሃን እንደ ሚጥሚጣ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ጥቁሩ ፊደል ዋኘ፣ ቀዩ ግን ተንቀጥቅጦም ቢሆን ቆመ።

"ወለተ ጊዮርጊስ" አሉ።

የኔአለም መሬት ሳመች። ገለጡ። "ወለተ ጊዮርጊስ።" እንደገና ሳመች። መጽሐፉ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ተአምር አለ፤ ስሟን አንድ በአንድ ጠሩት። እንባቸው ጺማቸውን አልፎ ካባቸው ላይ ወረደ። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ አነቡ፤ አለቃ ሞላ ሳይቀሩ ጠጋ ብለው "ይበቃል መሪጌታ፣ አያልቅሱ" አሏቸው።

"ማን አለቀሰ? አምፖልዎ ነው!" ብለው ጮኹባቸው፤ ገለጡና ቀጠሉ።

ያመናቸው አልነበረም። ሠላሳኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ያን ጊዜ እሳቸውም ራሳቸውን ማመን ተዉ።